ሶሉ የተሰፋ የቆዳ ጫማ

የገበያ ዋጋ ሰብሳቢዋን የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ሜትር» ነው የሚላት፤ ሳትለካ አታምንማ! ዘንድሮ የተሰጣት ሥራ ደግሞ በልኳ የተሰፋ ነበር። የእኛና የጎረቤት አገር ኑሮ ሊነጻጸር ስለሆነ፣ እነሱ የመዘገቡትን ዕቃ፣ ያንኑ ራሱን፣ እዚህ ገበያ ፈልጋ ዋጋውን መጻፍ ነው።

ሳሙናውም፣ ዘይቱም፣ የግድግዳ ቀለሙም ተገኘ። አንድ ዕቃ ብቻ አልገኝ አላት፦ የተማሪ ጫማ፣ ቆዳ፣ ሶሉ የተሰፋ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ተንከራተተች። ያለው ሁሉ ፕላስቲክ ነው።

«ምን ያለፋሻል?» አሉ ኃላፊዋ። «የፕላስቲኩን ዋጋ ጻፊና ተገላገይ። ጫማ ያው ጫማ ነው! ዕቃ እኛ ጋ ከረከሰ ሰዉ በደሞዙ ብዙ ይገዛል ማለት ነው፤ ሠንጠረዡ ላይ ከእነሱ በልጠን ቁጭ! ደሞ ውልሽ ነገ ያልቃል አይደል? ፎርሙን እንዳየሁ አድስልሻለሁ።»

ወይ ጉድ! እንዲህ በግልጽ? ሜትር ሁለት ልጆች ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ፈራች፤ ኧረ ክፉኛ ፈራች።

ለምሳ ቤቷ ስትገባ ትልቋ ልጇ መሬት ቁጭ ብላ የተቀደደ ጫማዋን በማስቲሽ ታጣብቃለች። ትምህርት ከተከፈተ ገና ሰባት ወሩ፣ ጫማው ግን ሦስተኛው ነው።

«አይዞሽ እማዬ፣ እስከ ሐሙስ ይይዛል» አለች ልጅቷ።

ሜትር ንዴቷ መጣ፤ ያ ሁሉ ፍርሃት የት እንደገባ እንጃ። ምሳውንም ሳትቀምስ ወደ ቢሮ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ፎርሙን ገለጥ አደረጉ። ከጫማው ትይዩ «ገበያ ላይ የለም» ይላል። ከሥሩም፦ «ያለው ፕላስቲክ ነው፤ አንድ ተማሪ በዓመት አራት ይጨርሳል።»

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» እስክሪብቷቸውን መዘዙ። «ይሄማ መስተካከል አለበት!»

«አይስተካከልም፣ ጋሼ። ዋናው ፎርም መዝገብ ቤት ገብቷል፤ ማኅተምም አርፎበታል። እርስዎ የያዙት ቅጂውን ነው።»

ኃላፊው ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «ውልሽ ነገ እንደሚያልቅ ረሳሽው?»

«ኧረ እንዴት እረሳለሁ!» ቦርሳዋን አነገተች። «ለዚህ እኮ ነው ዛሬ የጨረስኩት።»