የካርቶን ምድጃ

፩

ካርቶኑን ከመቁረጥሽ በፊት ልጁ መተኛቱን እዪ። ሁለቴ እዪ። ቢላው ቢያዳልጥሽ የምትጠርጊበት ጨርቅ አጠገብሽ ይኑር። ካርቶኑ ላይ የቀረ ሽቦ ካለ ንቀዪው፤ ይውጠዋል። የሱቅ ሙጫ አይታመንም፤ ዱቄት አቡክተሽ ለጥፊ።

ዝናሽ ራሷን የምታዘው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አደጋው፣ ከዚያ ሥራው።

፪

የገቡ ዕቃዎች፦

የቴሌቪዥን ካርቶን፣ ከጎረቤት የተለመነ።
ሁለት የድሮ ሲዲ፤ ድስት የሚጣድባቸው ክቦች ናቸው።
የጀሪካን ክዳን፣ ለማብሪያ።
የድልህ ጣሳ፣ ጠርዙ በፕላስተር የታሸገ። ይህ ድስቱ ነው።
ቀይ ቀለም፦ አይገባም።

፫

ከሦስት ሳምንት በፊት ልጇ ያፌት የጋለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ መዳፉን አሳረፈ። ዝናሽ ጨው ልታነሳ ዞር ብላ ነበር።

ቁስሉ ድኗል። ልጁ ግን ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ይጮኻል።

፬

ምክንያት፣ አማቷ እማማ የሺመቤት እንደሚሉት፦ እናትየው።
ባሏ ሙሉጌታ እንደሚለው፦ (ባዶ)
ዝናሽ እንደምትለው፦ ጨው።
የተወሰነው፦ ቅዳሜ፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ አያቱ መጥተው ወደ አሰላ ይወስዱታል። እስኪያድግ።
የእናት ፊርማ፦ አልተጠየቀችም።

፭

ቅዳሜ።

እማማ የሺመቤት፦ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?
ዝናሽ፦ ምድጃ ነው እማማ። የልደቱ ስጦታ።
እማማ የሺመቤት፦ በስመ አብ! ያቃጠለውን ነገር መልሰሽ ሠራሽለት?
ዝናሽ፦ ይሄኛው አያቃጥልም።
እማማ የሺመቤት፦ ደሞ ለወንድ ልጅ! ነገ ቀሚስ ስፊለታ።
ዝናሽ፦ ስፌት አልችልም እንጂ።
ሙሉጌታ፦ ዝናሽ፣ ተይ በቃ።
ዝናሽ፦ አልተውም።*
እማማ የሺመቤት፦ ስሚ አንቺ ልጅ፣ እኔ ሰባት አሳድጌያለሁ። አንዱም ላይ እሳት አልደረሰም።
ዝናሽ፦ ሙሉጌታ ክንድ ላይ ያለው ጠባሳስ?
ሙሉጌታ፦ እሱማ የፈላ ወተት ነው፤ እማዬ ዞር ስትል…
እማማ የሺመቤት፦ አንተ ዝም በል!

* በአራት ዓመት ትዳር ውስጥ ይህ ቃል ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

፮

አልተውም።

፯

የፈራችው፦ ካርቶኑን ሲያይ ይጮኻል። አያቱ «አየሽ?» ይላሉ። የልጁ ልብስ ታጥፎ የገባበት ቦርሳ ይነሳል።

የሆነው፦ ጮኸ። አያቱ «አየሽ?» አሉ። ቦርሳውን አነሱ።

ሙሉጌታ ልጁን ሊያቅፈው ጎንበስ ሲል ዝናሽ «እንዳትነካው» አለችው። ወለሉ ላይ ተቀመጠችና መዳፏን ሲዲው ላይ ጣል አደረገች።

«ውይ! አቃጠለኝ!»

እጇን አርገበገበች። ልጁ ለቅሶውን ዋጠ። ንፍጡን እንዳዝረበረበ መጣና እጇን ያዘ።

«እፍ» አላት። «እፍ። እፍ።»

፰

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ማቆም ደስ ይል ነበር። ግን ቦርሳው እማማ የሺመቤት እጅ ላይ ነው።

፱

ያፌት ጣሳውን ጣደ። ክዳኑን አዞረ። አማሰለ። ከባዶው ጣሳ ውስጥ በአምስት ጣቶቹ ጠቅልሎ ተነሳ። እናቱን አለፈ። አባቱን አለፈ። አያቱ ፊት ቆሞ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

«አም!»

ጉርሻ ነው። ጉርሻ እንደማይመለስ ለዝናሽ ያስተማሯት እኚሁ ሴት ናቸው፤ ሙሽራ ሆና ቤታቸው በገባችበት ሳምንት፣ ጠግቤያለሁ ስትል፣ ሰው ሁሉ ፊት። አሁን ከጎረሱ፣ ልጁ እናቱ በሠራችለት ምድጃ ያበሰለውን በሉ ማለት ነው። ካልጎረሱ ደግሞ የልጅ እጅ መለሱ።

ዝናሽ አልለመነችም። ከተቀመጠችበትም አልተነሳችም።

«እማማ» አለች፣ «የልጁ እጅ እየዛለ ነው።»

፲

እማማ የሺመቤት ቦርሳውን ወለሉ ላይ አስቀምጠው ጎንበስ አሉና አፋቸውን ከፈቱ።