የእናቴ መራራ ቅጠል

መራራ ቅጠል ወጥ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስንት ጊዜ ይታጠባል? ፈረንጅ አገር፣ ሊዮን ከተማ ውስጥ ስምንት ዓመት ኬሚስትሪ ተምሬ ወደ ትውልድ ከተማዬ ዱዋላ ብመለስም፣ ይህን አሁንም አላውቅም።

የታመመችው እናቴ ሌላ ምግብ አልዋጥላት ብሎ ይህንኑ ወጥ እንድሠራላት ለመነችኝ። ስድስት ጊዜ አጥቤ በኦቾሎኒ ሠራሁላት። ምሬቱ ጨርሶ ጠፋ።

«ሣር ነው እንዴ የቀቀልሽው? ፈረንጆቹ ይህን ነው ያስተማሩሽ?» ብላ ሳቀች።

በማግስቱ ሁለቴ ብቻ አጠብኩት። አንድ ማንኪያ ቀምሳ ተፋችው፤ አልሳቀችም።

«ኤቤንዬን ጠይቂያት። የእኔን አፍ የምታውቀው እሷ ናት» አለች።

አክስቴ ኤቤንዬ በአባቴ ቀብር ላይ ከእናቴ ጋር ከተጣላች ወዲህ ስልካችንን አታነሳም። ስለዚህ ጻፍኩላት፦ «አክስቴ፣ እማዬ እህል ከበላች አራት ቀኗ ነው። ቅጠሉን ስንት ጊዜ ልጠበው?»

መልእክቱን አንብባዋለች። መልሷ ሳይመጣ ሲቀር አዲስ ቅጠል አምጥቼ አራት ጊዜ አጠብኩት።