ብለቃት ኖሮ

ኤኔይዳ የተናገረችው አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፤ ወንድሟን ከጀልባው ያወረደችው ግን ያችው ዓረፍተ ነገር ነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊልፍሪዶ ቱሪስቶችን ጭኖ ከደሴቶቹ ሲመለስ ማዕበል ጀልባዋን አንገዳገዳት፤ አንዲት የስድስት ዓመት የውጭ አገር ልጅ ከጠርዙ ተንሸራተተች። ክንዷን አፈፍ አደረገ። ልጅቱ ተረፈች፤ ጣቶቹ ያረፉበት ሁሉ ግን በለዘ። አባትየው ከኋላ ያስመልሰው ነበር፣ እናትየውም እሱን ደግፋ ይዛ ነበርና ሁለቱም አላዩም። ያዩት የበለዘውን ክንድ ነው።

ማታውኑ በጀልባ ነጂዎች ማኅበር ቢሮ ተሰበሰቡ። እንግሊዝኛ የሚችል ሲጠፋ፣ ጀልባ መቆሚያው ላይ አሳ እየጠበሰች የምትሸጠው ኤኔይዳ "እኔ አለሁ" አለች። በስልሳ ዓመቷ ሦስት ወር ሙሉ ተምራለች።

"ንገሪልኝ እታለም፣ ከለቀቅኳት ትሰጥማለች በያት" አላት ዊልፍሪዶ።

ቃል በቃል በእንግሊዝኛ ነገረቻት። የእናትየው ፊት አመድ መሰለ። ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች፤ ክሱን ጽፋ፣ ፈርማ ወጣች። ሊቀመንበሩ ዶን አሪስቲደስ የዊልፍሪዶን ስም ከጀልባ ነጂዎቹ የተራ መዝገብ ላይ ሰረዘና "የወደብ ሹሙ እስኪወስን ነው" አለው። ሃያ ስድስት ዓመት የነዳት ጀልባ ናት፤ ሌላ ሥራ አያውቅም።

ጠዋት ኤደር የሚባለው ጀልባ ነጂ አሳ እየበላ፣ "ዊልፍሪዶ፣ እህትህ ጠበቃህ ናት ወይስ ከሳሽህ?" አለው።

"አጥንቱ ይነቅህ" አለው ዊልፍሪዶ። እህቱን ግን ቀና ብሎ አላያትም። ኤኔይዳን ይሄ ከሁሉ በላይ አመማት፤ መጥበሻዋን ለጎረቤት ትታ ወደ እንግሊዝኛ አስተማሪዋ ወደ ናይቤ ቤት ሄደች።

ናይቤ የልጇን ፀጉር እየሠራች ነበር። "እስቲ ያልሽውን እንዳለ ድገሚልኝ" አለቻት። ሰማችና ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

"እትዬ ኤኔይዳ፣ ሴትየዋን እኮ አስፈራርተሻታል።"

"እኔ? እኔ ዶሮ እንኳ አላስፈራራ!"

"እኛ በቋንቋችን ያለፈውንም የሚመጣውንም በአንድ አፍ ነው የምንለው። ትናንት አውቶቡስ እንዴት እንደያዝሽ ስታወሪኝ፣ 'ካልሮጥኩ ጥሎኝ ይሄዳል' ብትዪኝ፣ ሮጠሽ እንደደረስሽ ይገባኛል። እነሱ ግን እንዲህ አይሰሙም። 'ኢፍ' ብለሽ የአሁኑን ግሥ ካስከተልሽ፣ ነገሩ ገና ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እሷ የሰማችው 'ልጅሽ በእጄ ናት፤ ከለቀቅኳት ትሰጥማለች' የሚል ነው።"

ኤኔይዳ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። "ታዲያ አልፏል፣ አልለቀቃትም ለማለት ምን ልበል?"

"ከ'ኢፍ' በኋላ 'ሀድ' አግቢ፤ ቀጥሎ 'ዉድ ሀቭ'። 'ብለቃት ኖሮ ትሰጥም ነበር' ማለት ነው። ያኔ እንዳልለቀቃት ይገባታል።"

"በዚች በ'ሀድ' ነው ወንድሜን የጨረስኩት?"

"ነይ፣ አሥር ጊዜ በይልኝ። የቱሪስቶቹ ጀልባ በአራት ሰዓት ነው የሚወጣው።"

ኤኔይዳ አሸዋውን እየረገጠች ወደ ጀልባ መቆሚያው ስትሄድ ዓረፍተ ነገሩን ደገመችው። ግማሹ ጠፋባት፤ እንደገና ጀመረች። ደግሞ ባበላሸውስ እያለች ሁለቴ ቆማ ወደ ኋላ ለመመለስ ቃጣት።

እናትየው ስታያት ልጅቱን ከኋላዋ ደበቀቻት። ኤኔይዳ ከሩቅ ቆመች። ድምፅዋ ሳይሰበር፣ ከነ"ሀዱ" ከነ"ዉድ ሀቩ" ተናገረች። ከዚያም በራሷ እጅ የራሷን ክንድ ጨብጣ፣ በሌላው ውሃውን አሳየቻት።

ሴትየዋ ወደ ልጇ አየች። ልጅቱ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ሴትየዋ ቀስ ብላ፣ ለኤኔይዳ እንዲገባት ቃሉን እየለያየች፣ አንድ ነገር አለች፦ "ትናንት እንዲህ ብትነግሪኝ ኖሮ አልከስም ነበር።" ኤኔይዳ በሕይወቷ አንድ ቃል እንኳ ሳያመልጣት የሰማችው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይሄ ነበር። ባይገባት ትመርጥ ነበር።

ክሱ ጎህ ሲቀድ ከፖስታው ጋር ወደ ከተማ፣ ወደ ወደብ ሹሙ ሄዷል። ሴትየዋ ከዶን አሪስቲደስ ወረቀት ተቀብላ፣ የጀልባው ሞተር እየጮኸባት፣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ክሱን ማንሳቷን ጻፈች።

ዊልፍሪዶ ያን ወረቀት አገላብጦ አየው። በእንግሊዝኛ ነውና አንድም ቃል አልለየም።

"ይመልሱኛል?"

"ካነበቡት" አለችው ኤኔይዳ።

በእሱ ተራ ጀልባዋን ኤደር አስነሳት።