ጣራ አንሺው እና ባለ ሦስት ሆዷ ጀልባ

ደሞዜ ጣራ አንሺ ነው። በፋርጣ አገር ሰው ጎጆውን ወደ ሌላ ቦታ ሲያዛውር ግድግዳውን ያፈርሳል እንጂ ጣራውን አያፈርስም፤ ደህና ክዳን ማን ያባክናል? ጎረቤት ተጠርቶ፣ በጣራው ሥር አጣና ተሰክቶ፣ ሠላሳ አርባ ሰው ትከሻውን ሰጥቶ ክዳኑን እንዳለ ይሸከምና ከአዲሱ ግድግዳ ላይ ያሳርፈዋል። ያን ጊዜ ፊት ፊት እየሄደ «ቀኝ ዝቅ! ግራ ቀስ! ሆ በል!» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ከደብረ ታቦር እስከ ገሳይ ያ ሰው ደሞዜ ነበር። በሃያ ዓመት አንድ ጣራ አልሰበረም። ይህንንም ሳይጠይቁት ይናገራል።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት፣ ከጣና ዳር መልእክት መጣበት። ከይፋግ በታች ሐይቁ ዳር ያለ አንድ የገበሬ ማኅበር ጀልባ አለችው። ምን ዓይነት ጀልባ አትሉም! ሆዷ ሦስት ነው፤ መሐል አንድ ረጅምና ወፍራም፣ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን። ሦስቱን አያይዘው የያዙ ሁለት የእንጨት ክንዶች ከላይ ተጋድመዋል፤ በክንዶቹ ላይ ሳንቃ ተነጥፎ ሰውም እህልም ይጫንበታል። ሐይቁን ሊያጠኑ የመጡ ፈረንጆች ሠርተው ትተዋት የሄዱ ናት። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ውሃ ሲሆን ሕመምተኛ ወደ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት የሚሻገረው በሷ ብቻ ነው። አሁን ግን ከሥሯ ውሃ ታስገባለች። ክረምት ሳይገባ ወደ የብስ ወጥታ፣ ሆዷ ተፍቆ፣ ስንጥቋ ተደፍኖ ሬንጅ መቀባት አለባት። የሚያነሣት መኪና የለ። የማኅበሩ ትራክተር ተሰብሯል፤ ሹፌሩም «የኢኮኖሚ አሻጥር ሠርተሃል» ተብሎ ከታሰረ ሦስት ወሩ ነው። «ጣራ የሚያነሣ ሰው ጀልባ ያቅተዋል?» አለ አንዱ፤ ደሞዜ ተጠራ።

ደሞዜ ባይጠሩትም ይሄድ ነበር። ልጁ ፈንታነሽ የተዳረችው እዚያው ነው። አምና ክረምት ምጥ ሲይዛት ጀልባዪቱ ውሃ ቋጥራ ቆማ ስለነበር፣ ሁለት ቀን አምጣ ልጁ ሞቶ ወጣ። እሷም ለጥቂት ተረፈች። ዘንድሮ ደግሞ ሰባት ወር ሊሞላት ነው፤ አዋላጇም አይታት «ይቺ ልጅ ያለ ሐኪም አትወልድም» ብላለች። ጀልባዪቱ ለሐምሌ ካልደረሰች ልጁን እንደሚቀብራት ደሞዜ ያውቅ ነበር።

ሠላሳ ስምንት ሰው ይዞ ወረደ። አወጣጧስ አማረ። አጣናው በክንዶቹ ሥር ሳይሆን በሦስቱም ሆድ ሥር ገባ፣ ደሞዜ «ሆ!» አለ፣ ያቺ ዝሆን የምታህል ጀልባ ውሃዋን እያንጠባጠበች ተነሣች። የሐይቁ ዳር ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!» እያለ ደሞዜ ደረቁ መሬት ድረስ አደረሳት። አሁን የቀረው ከሥሯ እየገቡ እንዲሠሩ በግንድ ርብራብ ላይ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ነው። ደሞዜ ሁለት ርብራብ አሠራ፤ አንዱን ከግራው ሆድ ሥር፣ አንዱን ከቀኙ።

የጀልባዋ ነጂ ወርቁ የሚባል ሰው ነው። ጠጋ አለና «አያ ደሞዜ፣ እዚህ ላይ እንኳ ይስሙኝ» አለ። «እኛ መሐለኛዋን እናቲቱ፣ የጎኖቹን ልጆች እንላቸዋለን። ክብደቱ ያለው እናቲቱ ላይ ነው። ግንዱን ከሷ ሥር ያስገቡ። ልጆቹ እንዳይወዛወዙ ትንሽ ድጋፍ ይበቃቸዋል።»

«ስማ ወርቁ፣ አንተ ውሃውን እወቅ፣ የብሱን ለኔ ተወው። ጣራ የሚያርፈው ዙሪያውን በግድግዳ ላይ ነው። በምሰሶ ብቻ የቆመ ጣራ የት አየህ?»

«ይቺ ጣራ አይደለችማ!»

«ስትገለበጥ ጣራ ናት» አለ ደሞዜ። ሰዎቹ ሳቁ፤ ወርቁም አንገቱን ነቅንቆ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ሰዎቹ ምሳ ሊበሉ ሄደው ደሞዜ ብቻውን ከሥሯ ገብቶ ይፍቃል። ከራሱ በላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ። ቀና ቢል የግራው የኋላ ክንድ ከእናቲቱ ጋር ከሚገናኝበት ላይ ተሰንጥቋል፤ ጥፍር ያስገባል። እናቲቱ ከመሐል ተንጠልጥላ ሦስት ቀን ሙሉ ክንዱን ስትስበው ኖራለች። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ማለት ይኼ ነው። ደሞዜ ሰዎቹን ጠራና ምክንያቱን ሳይናገር ከእናቲቱ ሥር ርብራብ አስገባ። ወርቁ አይቶ ደስ አለው፤ «ሰሙኝ አይደል!» አለ። ደሞዜ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ሬንጁ ሄደ።

ከዚያ ያደረገውን ሲያስታውስ ኋላም ፊቱ ይቀላል። የሬንጁን ቡርሽ አነሣና ስንጥቁን ቀባው። ሁለት ጊዜ ቀባው። አዬ ደሞዜ! ሃያ ዓመት ያልሰበረ ሰው «ሰበርሁ» ማለት ሞት መሰለው። የትራክተሩም ሹፌር ትዝ አለው። ስንጥቁ ጥቂት ነው፣ ይይዛል፣ አለ ለራሱ። እንደማይዝ ግን እንጨት የሚያውቀው እጁ ነግሮታል።

ጀልባዋ ወደ ውሃ በምትመለስበት ጠዋት የማኅበሩ ሊቀመንበር እሸቴ መጣና ስለ ሰፊው ሕዝብ ጉልበት ረጅም ንግግር አደረገ። ደሞዜን «ጓድ» አለው፤ ተጨበጨበ። ፈንታነሽም ሆዷን ደግፋ መጥታ ነበር። ሰው ሲያጨበጭብ እሷ ጀልባዋን ዞረቻት፣ ከሳንቃው ላይም እጇን አሳረፈች።

«አባዬ፣ የምታስተኙኝ እዚህ ላይ ነው?» አለችው።

እጇ ያረፈው ከግራው የኋላ ክንድ ላይ ነበር። ደሞዜ ከወገቡ ቢላዋ መዝዞ ሬንጁን ፈቀፈቀና «ኑ እዩ!» ብሎ ጮኸ። «ይኼን የሰበርሁት እኔ ነኝ። ወርቁ እናቲቱን ደግፍ ሲለኝ እምቢ ብዬ ነው። ሬንጅ ቀብቼ የደበቅሁትም እኔው ነኝ። ሳይጠገን ውሃ እንዳትገባ!»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ወርቁ ተንበርክኮ ስንጥቁን በጣቱ ለካ፤ ሁለት የማኅበሩ ሰዎችም ጎንበስ ብለው አዩ። ወርቁ «ከሐይቁ መሐል ሲደርስ ይቆረጥ ነበር» አለ። እሸቴ ግን ስንጥቁን አላየም፤ የሚያየው ደሞዜን ነው። ቅድም ይህን ሰው «ጓድ» ሲለው ሁሉም ሰምቷል።

«የሕዝብ ንብረት ሰብሮ በሬንጅ መደበቅ ምን እንደሚባል ታውቃለህ? አሻጥር ነው!»

«የፈለጋችሁትን በሉት። ብቻ ጥገኑት» አለ ደሞዜ።

ፈንታነሽ አለቀሰች፤ ሠላሳ ስምንቱ ሰዎች አጉረመረሙ፤ ማን ሰምቶ! እነሱ አጣናቸውን ይዘው በታጣቂ የሚወሰድ አለቃቸውን ተከትለው ወደ ላይ ወጡ። ደሞዜ ደብረ ታቦር ታሰረ።

ርብ በሰኔ መጨረሻ ሞላ። የይፋግ መንገድ ተዘጋ። ጀልባዪቱ ክንዷ ብረት ገብቶለት፣ በብሎን ታስሮ ውሃ መግባቷን ደሞዜ ሰማ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ሐምሌን በሙሉ ደሞዜ በእስር ቤቱ ግቢ ቁጭ ብሎ ዝናቡን እያየ ቀን ቆጠረ። አሁን ወልዳለች፤ ወይም ሞታለች። ምግቡን ለሌሎች እስረኞች ይሰጥ ጀመር።

ነሐሴ ሲጋመስ ዘበኛው ስሙን ጠራ። በሩ ላይ ፈንታነሽ ቆማለች፤ ከስታለች፣ ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላለች። ደሞዜ ወደ በሩ ሮጠ። እግዜር ይመስገን አላለም፣ ልጁንም ገና አልሳመም።

«ቃሬዛሽን ከጀልባዋ በየት በኩል አኖሩት?» አላት።

«በግራ። በተሰነጠቀው ክንድ ላይ።»

«ማን የተባለ ደንቆሮ ነው እዚያ ያደረገሽ!»

ፈንታነሽ ሳቀች። «እኔው ነኝ። ወርቁማ በቀኝ ላድርግሽ ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልሁት። ማዕበሉም ክፉ ነበር። ‹የግራውን አባቴ ተናግሮበት፣ ሰው አይቶት፣ ብረት ገብቶበታል። የቀኙን ማን አይቶታል?› አልሁት።»

ደሞዜ ዘበኛው እያየው፣ እስረኛው ሁሉ እያየው ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ዘበኛው ፊቱን ወደ ውጭ አዞረና «ቶሎ ጨርሱ» አለ። ፈንታነሽ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ሰጠችው፤ እሱም በሁለት እጁ ተቀብሎ አንገቱን ደግፎ ያዘው።