የኩብራ ማደሪያ

ወልደ ሰንበት ከመንገዱ ማዶ ሆቴሉን የከፈተ ዕለት እኔ በሬ ላይ ቆሜ ሳቅሁ። ምን ያስቃል ብትሉኝ፣ ተናድጄ ነበር፤ ስናደድ ደግሞ እስቃለሁ። በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ ሰባት አልጋ ይዤ አሥራ አንድ ዓመት ሰው ሳሳድር፣ እሱ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ከአዲስ አበባ መጥቶ በአንድ ክረምት አሥራ ሁለት ክፍል ቀለም ቀብቶ፣ በሩ ላይ ቀይ ምንጣፍ አንጥፎ ቁጭ አለ። ምንጣፉ በሁለተኛው ቀን ጭቃ በጭቃ ሆነ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ሰውየው በትልልቆቹ የአዲስ አበባ ሆቴሎች አስተናጋጅ ነበር። ወሬው ሁሉ የእነሱ ወሬ ነው። አንደኛው ሆቴል ለቋሚ ደንበኛው ፍራፍሬ በሳህን ክፍሉ ድረስ ያስገባል፤ ሁለተኛው ጫማውን ጠርጎ ጠዋት በር ላይ ያቆይለታል፤ ሦስተኛው ደንበኛው ገና ከመኪና ሳይወርድ በስሙ ይጠራዋል። "እኔ የሦስቱንም ነው አንድ ላይ ያመጣሁት፣ ወይዘሮ አልታየች" አለኝ። ከሦስቱም ተባሮ ይሆናል አልኩ በሆዴ። ከዚያ ለቋሚ ደንበኛ ካርድ አሳተመ። ባደሩ ቁጥር ማኅተም ይመታበታል፣ አሥር ማኅተም የሞላለት አንድ ሌሊት በነፃ ያድራል። ካድሬው፣ የስብሰባ ተካፋዩ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ካርዱን ኪሱ ከቶ ወደ ማዶ ተሻገረ።

ይሻገሩ። እኔ የፈራሁት ለአንድ ሰው ነው።

ዓወል የአሊዩ አምባ ነጋዴ ነው። በርበሬና ጥጥ በበቅሎ ጭኖ አቀበቱን ወደ አንኮበር ይወጣል፣ ከዚያ በጭነት መኪና እኔ ዘንድ ይደርሳል። ሌላ ቤት ሲያድር ሽሮ ነው የሚበላው፤ በማያውቀው ቤት ሥጋ አይነካም። እኔ ቤት ግን ይበላል። ለእሱ ብዬ ለብቻው ድስት፣ ለብቻው ጭልፋ፣ ቢላዋና ሳህን አለኝ። ለሶላቱ የሚታጠብበት ማንቆርቆሪያም አለው። ሁሉም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ከማተቤ ጋር ነው። ሥጋውን ከእስላም ሥጋ ቤት ገዝቼ እኔው ራሴ እሠራዋለሁ፤ ሲበስል ከነድስቱ አምጥቼ ፊቱ አስቀምጣለሁ። ጆሮዋ የተሸረፈችውን ድስት አየት ያደርግና "ቢስሚላህ" ይላል። እንግዲህ የእኔ ቤት የቋሚ ደንበኛ ጥቅም ይኼ ነው። ካርድ የለውም።

በነሐሴ መጀመሪያ ዓወል መጥቶ ገና ሳይቀመጥ "ኩብራ ሚኒስትሪ አለፈች" አለኝ። ከስድስት ልጆቹ እስከ ስምንተኛ የዘለቀችው እሷ ብቻ ናት። "ዘጠነኛን እዚህ ነው የምትማረው። የት እንደማሳድራት እያሰብኩ ነው።"

እኔ ልጅ አልወለድኩም። ባሌ ሲሞት ሰባት አልጋ ተወልኝ፣ ልጅ ግን አልተወልኝም። ሰው ሲጠይቀኝ እግዜር አላለውም ብዬ እዘጋዋለሁ። ያን ቀን ግን "ኩብራ" ሲለኝ አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ በሬን ስትገፋ ታየችኝ። እኔ ዘንድ ትሁን ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"ወልደ ሰንበትም ለምኖኛል፤ ክፍል በነፃ እሰጣታለሁ አለኝ። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ይዣት እመጣና ሁለቱንም አያለሁ። የሴት ልጅ ነገር ነው፣ አትቀየሚኝ።"

"ምን ያስቀይመኛል?" አልኩት። ተቀይሜ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም።

በሦስተኛው ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ማዶ ተሻገርኩ። የቀበሌ ስኳር በዚያ ወር አልመጣም ነበርና ስኳር ልበደር ብዬ ነው የገባሁት። ወልደ ሰንበት ለምን እንደመጣሁ ገብቶታል፤ "ይጎብኙ እንጂ" ብሎ በየክፍሉ አዞረኝ። እውነት ለመናገር ያምራል። ሙቅ ውሃ ከግድግዳ ይወርዳል። ፎጣው ነጭ ነው፣ አልጋው ሥር ነጠላ ጫማ አለ፣ ባይሠራም ስልክ አለ። ለኩብራ ያሰናዳውን ክፍልም አሳየኝ። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ የራስጌ መብራት፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት። እኔ ያሰብኩላት ከመኝታዬ አጠገብ ያለችውን የእህል ክፍል ነው።

"ዓወልን የያዘ የአሊዩ አምባን ነጋዴ በሙሉ ያዘ ማለት ነው" አለኝ ወልደ ሰንበት።

"ልጅቷስ?"

"ልጅቷማ ትማራለች" አለና መብራቱን አጥፍቶ ወጣ።

ቤቴ ገብቼ ሁለታችንን አወዳደርኩ። እሱ ሙቅ ውሃ በቧንቧ፣ እኔ እሳት ላይ የተጣደ በርሜል። እሱ የራስጌ መብራት፣ እኔ ኩራዝ። እሱ ነጭ ፎጣ፣ እኔ ከከተማችን ፋብሪካ የተገዛ ብርድ ልብስ፣ ያውም ሁለት ተደራርቦ። የትም ብሄድ የምበልጠው በዚያች ድስት ብቻ ነው። ቢሆንም እህሉን አስወጥቼ ክፍሏን ኖራ ቀባሁ፣ አናጢው ገብረአብ ጠረጴዛ እንዲሠራልኝ ቀን በቀን ነዘነዝኩት። ጠረጴዛው ትንሽ ይወዛወዛል። ከእግሩ ሥር ካርቶን አጥፌ ከተትኩበት።

ዓወል ልጁን ይዞ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ደመቀች ጉዴን ያወጣችው። ደመቀች ከመዘዞ የመጣች ሠራተኛዬ ናት። ስድስት ወሯ ነው፤ እጇ ፈጣን፣ ልቧ ንጹሕ፣ አፏ ግን አያርፍም። ሽንኩርት እየላጠች የፍልሰታ ጾም የተፈታ ሰሞን ቤቱ እንዴት ሞልቶ እንደነበር ታወራኛለች። ጾሙ በተፈታ ማግስት እኔ ቀበሌ ስብሰባ ተጠርቼ ነበር፤ የቀረ ሰው ስኳር አያገኝም ተብሏል። ዓወል ድንገት ቀድሞኝ ቢደርስ ማንቆርቆሪያውን አውጪለት ብዬ የሳጥኑን ቁልፍ ትቼላት ነው የሄድኩት።

"ሰዉ ሁሉ ሥጋ ሥጋ ሲል ድስት አነሰኝ እኮ እትዬ" አለችኝ። "በሳጥኗ ድስት ሠራሁና ተገላገልኩ። ደህና አድርጌ በአመድ ፈትጌ ነው የመለስኳት።" እንዳመሰግናት ትጠብቃለች።

"በየትኛዋ ድስት?"

"ጆሮዋ በተሸረፈችዋ።"

ስብሰባው የነበረ ዕለት ማታ ዓወል መጥቶ በዚያችው ድስት ሠርቼለታለሁ። እየመረቀኝ ነው የበላው። ሸክላ ደግሞ የበሰለበትን ይጠጣል፤ በአመድ ቢፈተግ የክርስቲያን ሥጋ የገባበት ገብቶበታል። በደመቀች ላይ ጮህኩባት፣ ቤቱን አናወጥኩት። "ታጥባለች እኮ" እያለች ታለቅሳለች። ኋላ ነው ያፈርኩት። ስድስት ወር ሙሉ "ይቺን አትንኪ" አልኳት እንጂ ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ አልነገርኳትም። ጥፋቱ የማን ነው? የእኔው ነው።

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ገበያ ወጥቼ አዲስ ድስት ገዛሁ፣ አሟሸሁት። አሮጌውን ጓሮ ወስጄ ከድንጋይ ጋር አጋጨሁት። ዓወል ከጠየቀኝ "ተሰበረ" ልለው ነው። ውሸት እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው የሰበርኩት። ማን ያውቃል? ደመቀችን አፍሽን ያዢ ብያታለሁ። የተበላው ተበልቷል። ብነግረው ልጅቷ ወደ ማዶ ትሻገራለች፣ ዝም ብል የሚጎዳ የለም። ሁለት ቀን ይህንን ለራሴ ደጋግሜ አስረዳሁ።

ሐሙስ ቀን፣ አንኮበር አድረው ስድስት ሰዓት ላይ ገቡ። ኩብራ ቀጭን፣ ረዘም ያለች ልጅ ናት። ደብተሮቿን በኩታ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛለች።

"አባቴ ሁልጊዜ ስለ እርስዎ ያወራል" አለችኝ።

ክፍሏን አሳየኋት። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ጠረጴዛውን በእጇ ዳበሰችው፤ ተወዛወዘ፣ ሳቀች። "መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ነው የምሰጥሽ" አልኳት፣ ቀድሜ ልናዘዝ ብዬ። "ቤታችንም ኩራዝ ነው" አለች። ወደድኳት፤ ምን ላድርግ።

ምሳውን ከነድስቱ አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ዓወል እጁን ታጥቦ ድስቱን አየ።

"አዲስ ነው" አለ።

"አዲስ ነው።"

"አሮጌዋ ምን ሆነች?"

ቃሉ አፌ ላይ ነበር። አንድ ቃል ናት፣ ብወረውራት ያልቅ ነበር። ኩብራን አየኋት። እጇን ታጥባ አባቷ ቢስሚላህ እስኪል ትጠብቃለች። ከማታውቀው ሰው ቤት ሥጋ ልትበላ ነው፣ አባቷ አልታየችን እመኛት ስላላት ብቻ።

"ዓወል፣ ያለፈው ጊዜ የክርስቲያን ሥጋ በተሠራባት ድስት ነው ያበላሁህ" አልኩት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስብሰባውን፣ ቁልፉን፣ ደመቀችን። "ድስቷንም እኔ ነኝ የሰበርኳት፣ ተሰበረች ልልህ ብዬ። ይኼኛው ግን ንጹሕ ነው፣ ሥጋውም የእናንተው ነው።"

"አስተግፊሩላህ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ከትናንት በስቲያ።"

ተነሣ። ልጁንም "ተነሺ" አላት። ምሳው እንደተከደነ ቀረ። ኩብራ ደብተሮቿን አንሥታ ተከተለችው፣ በሩ ላይ ዞር ብላ አየችኝ። በመስኮት ቆሜ መንገዱን ሲሻገሩ አየሁ። ወልደ ሰንበት ወጥቶ ጎንበስ ብሎ፣ ገና ከሩቅ "አቶ ዓወል" ብሎ ተቀበላቸው።

ደመቀች ከጓዳ ወጥታ "እኔን ያባሩኝና ይመለስ" አለችኝ። ፊቷ አብጧል።

"ዝም ብለሽ ተቀመጪ" አልኳት። ተቀመጠች። እነሱ የእኛን እርድ ለምን እንደማይበሉ፣ እኛም የእነሱን ለምን እንደማንበላ፣ ጎረቤት ሲዋደድ ግን እንዴት አድርጎ አብሮ እንደሚበላ ነገርኳት። ከስድስት ወር በፊት መንገር የነበረብኝን ያን ጊዜ ነገርኳት። ሁለታችንም ስናለቅስ ሁለት መንገደኞች ገብተው አዩንና ለቅሶ ቤት መስሏቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አሥር ሰዓት ግድም ዓወል ተመልሶ መጣ። ኩብራ ከኋላው ናት። በሩ ላይ ቆመ።

"ሙቅ ውሃ አለው" አለኝ።

"አይቼዋለሁ።"

"የራስጌ መብራትም አለው።"

"እሱንም አይቼዋለሁ።"

ገብቶ ተቀመጠ። "ጥብስ አቀረበልን" አለ። "ማን ነው ያረደው አልኩት። 'ንጹሕ ነው፣ አታስብ' አለኝ። ማን ነው ያረደው ብዬ ደገምኩለት። 'ለእናንተ የሚሆን ነው፣ ብሉ' ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። ሳንበላ ወጣን።"

ውሃ ቀድቼ አስቀመጥኩለት።

"ተሰበረች ብትዪኝ አምንሽ ነበር፣ አልታየች።"

"አውቃለሁ።"

"ተናድጄብሻለሁ። አሁንም ተናድጃለሁ። ሳላውቅ የበላሁትን አላህ ይምረኛል።" ጥምጣሙን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። "እኔ ያለሁት ገደል ሥር ነው፤ እዚህ ለመድረስ ቀኔ ሙሉ ያልቃል። ልጄ ብትታመም፣ ከትምህርት ብትቀር፣ የሚነግሩኝን ከማመን በቀር ምንም የለኝም። ያ ሰውዬ ሁልጊዜ ደህና ናት ይለኛል። አንቺ ግን የሆነውን ትነግሪኛለሽ፤ እንድጠላሽ የሚያደርገኝ ቢሆን እንኳ ትነግሪኛለሽ። እና የት ትቻት ልሂድ?"

እኔ እንዲህ ነኝ፤ ለክፉ ነገር አፌ አያንስም፣ ለደጉ ግን ይያዛል። ኩብራ መልሴን አልጠበቀችም። አጠገቤ አልፋ ወደ ውስጥ ገባች፣ ደብተሮቿን ስታራግፍ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ድምፅዋ ከክፍሉ መጣ።

"እትዬ፣ ራበኝ።"

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስንቱን ሰው አበላሁ። ከውስጥ፣ ከጓዳዬ፣ እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ሰው ግን አልነበረም።