የሰልስት ምላጭ

ሐመልማል ሁለት ጊዜ ደረቷን መታችና ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። ከጮሌ ወረዳ የመጡት ዘመዶች ድንኳኑ መሀል ክብ ሠርተው የእናቷን የእታገኘሁን ስም እየጠሩ ሲያለቅሱ፣ እሷ አንድ እጇን ምሰሶው ላይ አስደግፋ አየር ትፈልግ ነበር። ልቧ ዳገት ሮጣ እንደወጣች ሁሉ ይደልቃል፣ ጆሮዋ ይጮኻል። እናቷ የተቀበረችው ትናንት ነው። አንድያ ልጇ ግን ቆማ የሰው ለቅሶ ታያለች።

አክስቷ እትዬ አባይነሽ ይህን አዩ። እትዬ አባይነሽ የማያዩት ነገር የለም፤ ለቅሶ ቤት ሲሆን ደግሞ ይብስባቸዋል። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ የማን እንባ ከልብ ነው፣ የማንስ ለይሉኝታ፣ ሁሉንም ይይዛሉ፤ ጮሌ ተመልሰውም አይረሱትም። አጠገባቸው ወዳለችው ሴት ጠጋ ብለው አንድ ነገር ሹክ አሉ። ሴትየዋም ዞር ብላ ሐመልማልን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ሆዷ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆየች።

ሐመልማል የተባለውን መስማት አላስፈለጋትም። ከቀብር እንደተመለሱ ጓሮ ሄዳ ስታስመልስ እትዬ አባይነሽ ከኋላዋ ቆመው፣ "ስንት ወርሽ ነው?" ብለዋታል። ባል የሌላት አስተማሪ እንዲህ ተብላ ስትጠየቅ ምን ትላለች? ሆዴን አሞኝ ነው ብላ አለፈች። አክስቷ አላመኗትም። እውነቱን የምታውቀው እናቷ ብቻ ነበረች።

ነገሩ የታወቀው መምህራን ደም ሊለግሱ የተሰለፉ ጊዜ ነው። የእሷ ደም ተመለሰ። ከብዙ ምርመራ በኋላ ሐኪሙ ሄፓታይተስ ሲ የሚባል የጉበት ቫይረስ እንዳለባት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት ሳይኖር እንዳልቀረ፣ ጉበቷም ጠባሳ መያዝ መጀመሩን ነገራት። ከየት እንደያዛት አይታወቅም አላት፤ የሚተላለፈው በደም ነው፣ በደንብ ያልተቀቀለ መርፌ ሊሆን ይችላል፣ ከሰው ሰው የዞረ ስለትም ሊሆን ይችላል። ደግነቱ ይድናል። ምግብ እየበላች ክኒኑን በየቀኑ ሳታቋርጥ ከዋጠች በወራት ውስጥ ይጠፋል። መድኃኒቱን እየወሰደች እንዳታረግዝ ደግሞ አጥብቆ አስጠንቅቋታል፤ ለቀስተኛው የጠረጠራት በዚያው ሆነና አረፈው።

ይድናል ማለት ለሐኪም ቀላል ነው። በየቀኑ ከምትውጣቸው ሁለት ክኒኖች አንደኛው ደሟን እያሳነሰ፣ ሰሌዳው ፊት ቆማ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳታርፍ መጨረስ አቃታት። ያቅለሸልሻታል። ገላዋን ያሳክካታል። እንቅልፍ ጠፋ፤ ትዕግሥትም አብሮ ሄደ። ተማሪዎቿ ላይ ትጮኽና መምህራን ማረፊያ ገብታ ታለቅሳለች። አሁንስ በቃኝ፣ እተወዋለሁ ያለችባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

እንዳትተወው ያደረገቻት እታገኘሁ ናት። እታገኘሁ አሰላ ገበያ ገብስ ስትሸጥ የኖረች፣ ወሬ ሆዷ ውስጥ የማያድርላት ሴት ነበረች። የሰፈሩ ልጅ ስትታጭ ከሙሽራዋ ቀድማ ትሰማለች እያሉ ሲያሟት ትስቃለች እንጂ አትክድም። ይህቺው ሴት የልጇን ነገር ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የጠየቃትን ሁሉ ታይፎይድ ይዟት ነው፣ ጨጓራዋ ተነስቶባት ነው እያለች ታሳልፈዋለች። ክኒኑ ባዶ ሆድ እንዳያገኝ በሶ በማር አሽታ ትንሽ ትንሽ ታጎርሳታለች። ሲያሳክካት ለብ ባለ ውሃ አጥባ ቫዝሊን ትቀባታለች። እንቅልፍ ሲነሳት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የገበያውን ወሬ ሁሉ ትዘረግፍላታለች፤ ለሌላው ያልነገረችውን ሁሉ ለሐመልማል ትነግራታለች። ልጅቷ ስታንገራግር ደግሞ፣ "በሞቴ፣ ዋጪው" ትላታለች።

የራሷን ግን አልዋጠችም። እታገኘሁ የደም ግፊት ነበረባት። ገበያ መሀል ገብስ እየሰፈረች ወደቀችና በዚያው ቀረች። ሐመልማል ለመገነዣ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ስትፈልግ የእናቷን የግፊት መድኃኒት ቁም ሣጥኑ ውስጥ አገኘችው፤ ከተገዛ የቆየ፣ ያልተነካ። የልጇን ስታስታውስ የራሷን ረስታለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሐመልማል ክኒኑን በአፏ ባደረገች ቁጥር እናቴን የበላኋት እኔ ነኝ ትላለች።

ክኒኑ ያለው ጓዳ፣ ከእናቷ ፍራሽ ሥር ነው። ፍራሹ ለሐዘኑ መሬት ላይ ተነጥፎ እትዬ አባይነሽ ተቀምጠውበታል። የዚያን ዕለት፣ በቀብሩ ማግሥት፣ ጎረቤታቸው ፋጡ እዝን ይዛ መጥታ፣ ሴቶቹን አንድም ሳታስቀር ለምሳ ወደ ድንኳኑ ነድታ አወጣቻቸው። ሐመልማል ሾልካ ገብታ ዋጠች። ስትወጣ ፋጡ በሩ ላይ አገኘቻትና የከሳ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘችው። "ረቢ ጀጀቢና ሲፍ ሃ ኬኑ፣ ልጄ፣ እሱ ያበርታሽ" አለቻት። "ብይ እንጂ። እሷ ስትራቢ ማየት አትወድም ነበር።"

በማግሥቱ ሰልስት ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ አባይነሽ ሴቶቹን ጓዳ ሰበሰቡና ከፍራሹ ንቅንቅ አላሉም፤ ክኒኑም ከሥራቸው ቀረ። አሰላ ውስጥ ለሐዘን ራስ መላጨት ከቀረ ቆይቷል። እሳቸው ግን አሰላ ምን እንደተወች ጠይቀው አያውቁም። በሳህን ውሃ፣ ሳሙናና አንድ ምላጭ አስቀርበዋል። መጀመሪያ ልጅ፣ ቀጥሎ እህት፣ ከዚያ የእህት ልጅ፤ ሐመልማል፣ እሳቸው፣ ከዚያ ጥግ ይዛ ሕፃን የምታጠባው ልጃቸው ናዝሬት።

ሐመልማል ዓይኗን ከምላጩ አላነሳችም። መላጨቱ አልከበዳትም፤ ለእናቷ ጸጉሯ ምኗ ነው? ነገር ግን የእትዬ አባይነሽ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ መቁረጡ አይቀርም፤ ያ ምላጭ ደግሞ ከእሷ ራስ ተነስቶ ወደ ሁለቱ ይሄዳል። እኔ መጨረሻ ልሁን አለች። ልጅ እያለች እህት አትቀድምም ተባለች። እንግዲያው ለየራሳችን ምላጭ ይገዛ አለች።

እትዬ አባይነሽ ቀና አሉ። "ተጸየፍሽን?"

"ኧረ እትዬ፣ እንደሱ አይደለም።"

"እናታችን የሞተች ጊዜ በአንድ ምላጭ ነው የተላጨነው። እኔም፣ እናትሽም፣ አንቺም ሕፃን ሆነሽ እዚህ ጉልበቴ ላይ ተቀምጠሽ። አንድ ደም ነን ብለን። ዛሬ አስተማሪ ሆንሽና ደማችን አስጠላሽ? አላለቀስሽም፣ ዝም አልኩ። ሆድሽንም አይቼ ዝም አልኩ።"

ሐመልማል የሚሆን ውሸት ፈለገች፤ እናቷ ብትኖር ወዲያው ትፈጥርላት ነበር፣ ለእሷ ግን አንድም አልመጣላት። ዝም ብትል ይላጯታል፣ ነገሩም ያልፋል፣ ማንም አያውቅም። ይህን አሰበችው፤ አስባም ራሷን ዝቅ አደረገችላቸው። ሳሙናው ግንባሯ ላይ ሲወርድ የናዝሬት ሕፃን ጡት ሲስብ ተሰማት። ብድግ አለች።

"እርጉዝ አይደለሁም። የጉበት በሽታ አለብኝ፣ በደም የሚተላለፍ። መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። የሚያስመልሰኝም፣ ትንፋሽ የሚያሳጥረኝም እሱ ነው። እኔን የነካ ምላጭ እርስዎን አይነካም፣ ናዝሬትንም አይነካም።"

አንዲት ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ወደ በሩ ፈቀቅ አለች። ሌሎቹ እትዬ አባይነሽን ያያሉ። እትዬ አባይነሽ ምላጩን እንደያዙ ናቸው።

"እታገኘሁ ታውቅ ነበር?"

"ታውቅ ነበር። እሷ ናት ያስታመመችኝ።"

"እታገኘሁ? ለእኔ ሳትነግረኝ?" አሉ። የጎረቤት ላም ስትወልድ ሳይቀር ጮሌ ድረስ የምትደውልላቸው እህታቸው ይህን ያህል ነገር ደብቃ መሞቷ፣ ከበሽታው ይልቅ እሱ የጎዳቸው ይመስል ነበር። ፈርታን ነው፣ ብቻዋን ተሸክማው ሞተች አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ።

ከዚያ ምላጩን አዩት። ቆይተው ደግሞ ሐመልማልን።

"ያኔ፣ በእናታችን ጊዜ የተላጨነው። በሱም ይተላለፋል?"

ሊሆን ይችላል፣ ከየት እንደመጣ በእርግጥ የሚያውቅ የለም፣ እርስዎም ቢመረመሩ ጥሩ ነው አለቻቸው። ሐመልማል አክስቷን ፈርተው አይታቸው አታውቅም። አሁን አየቻቸው። ምላጩን ሳህኑ ውስጥ ጣሉትና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

"ዛሬስ ውጠሻል?"

"አልዋጥኩም። ያለው እርስዎ የተቀመጡበት ፍራሽ ሥር ነው።"

እትዬ አባይነሽ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። እዚህ ቤት የተሰማ እዚሁ ይቀራል፣ ጮሌ ላይ ብሰማው ከማን አፍ እንደወጣ አላጣውም ብለው ሴቶቹን አንድ በአንድ ገላመጧቸው። ወደ በሩ የፈቀቀችውን ምላጭ እንድትገዛ ላኳት፤ ለየራሱ አንድ አንድ። ከፋጡ እዝን የተረፈውን እንጀራ አስመጡ። ሐመልማል እያቅለሸለሻት ጥቂት በላች፤ ክኒኑንም ሰው እያያት ዋጠችው። አፏን ይዛ ቻለችው። ቢያንስ ይህን ለእናቴ እጨርስላታለሁ አለች በልቧ።

ምላጩ መጣና እትዬ አባይነሽ ከግንባሯ ጀመሩ። መድኃኒቱ ጸጉሯን ስላሳሳው ጉልበቷ ላይ የወደቀው ብዙም አይደለም። ጆሮዋ አጠገብ ሲደርሱ እጃቸው ከዳቸውና ቆረጧት። ደም ብቅ አለ። እትዬ አባይነሽ ሳያስቡት በአውራ ጣታቸው ሊጠርጉላት ሲሉ ሐመልማል እጃቸውን ቀለበችው። ደሙን በነጠላዋ ጫፍ ራሷ ጠረገች።

እጃቸውን ግን አልለቀቀችም። አጭር ጣት፣ ወፍራም አንጓ፣ የሻከረ መዳፍ፤ የእናቷ እጅ ነው። ደረቷን ሳትመታ፣ ድምፅ ሳታወጣ እንባዋ ወረደ። እትዬ አባይነሽ በሌላው እጃቸው ምላጩን አስቀመጡና፣ የያዘችውን እስክትጠግበው ተዉላት።