የኢሲስ ቀኝ እጅ

የኢሲስ እጅ ይጠቁማል ብዬ አምን ነበር። መሳሳቴን ስናዘዝ አላፍርም፤ የሚያሳፍረኝ የተሳሳትሁበት ምክንያት ነው።

ሥራዬ የሙዚየም ቅርሶችን መጠገን ነው። የጥንት ግብፃውያን አምላክ ኢሲስ ሕፃን ልጇን ሆረስን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የምትታይበት ትንሽ የእንጨት ሐውልት እጄ ስትገባ፣ ቀኝ ክንዷ ከትከሻዋ ተነቅሎ ነበር። መሰኪያው ክብ በመሆኑ ክንዱ ወደፈለጉት ይዞራል። እኔም ወደ ልጁ እንዲጠቁም አድርጌ በሙጫ አጣበቅሁት። ብዙዎቹ የኢሲስ ምስሎች እንደሚያጠቡ አጥቼው አይደለም፤ ይህችኛዋ ግን፣ በማርያም ሥዕሎች ላይ እናቲቱ ልጇን እንደምታመለክት ሁሉ እንድታመለክትልኝ ፈለግሁ። «አንዱ እምነት ለሌላው ያወረሰው ምልክት» የሚል መግለጫም ጻፍሁላት። ኃላፊያችን እጅግ ወደደው፤ የሃይማኖቶችን ትስስር የሚያሳየው ዐውደ ርእይ ማዕከል እሷው እንድትሆን ተወሰነ።

ዐውደ ርእዩ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቤቴ የረሳሁትን መነጽር ይዛልኝ ታላቅ እህቴ ወደ ሥራ ክፍሌ መጣች። ሠላሳ ዓመት ያዋለደች ሴት ናት፤ ምላሷ እንደ ምጥ ቀጠሮ አይጠብቅም።

«ይቺ ሴትዮ ልጇን ምነው ትከሰዋለች?» አለች ሐውልቷን እያየች።

«እታለም፣ አምላክ ናት እኮ።»

«ትሁና! የአምላክ ልጅ አይርበውም? አፉን እየው፣ ከፍቶ ይጠብቃል። በግራዋ አንገቱን ደግፋዋለች፤ ቀኟ ጡቷን ይዞ ማጉረስ ነው ያለበት። እንዲህ ጣቶቿን የምትቀስር እናት እኔ ክፍል ብትገባ ጆሮዋን ነበር የምይዘው።»

«መጻሕፍቱ ግን…»

«መጻሕፍትህ አጥብተው ያውቃሉ?»

ሳቅሁ። እሷን ሸኝቼ ግን ሐውልቷን በአጉሊ መነጽር ስመለከት ከግራ ጡት ሥር አራት ጎድጓዳ ምልክቶች አገኘሁ፤ በመዝገቤ ላይ «የነቀዝ ጉዳት» ብዬ ያሰፈርኋቸው ናቸው። የጣቶቹን ስፋት ለካሁ። ልክክ አሉ።

ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት የደከምሁበት ሐሳብ በዚያ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የእምነቶችን ክር በካህናትና በጸሓፍት እጅ ብቻ ስፈልገው፣ በየዘመኑ ከእናት ጡት ሥር እንደ አዲስ ሊፈተል እንደሚችል አስቤ አላውቅም። ይህን ያሳየችኝ እህቴ ናት፤ ዕድሜ ይስጣት፣ ባትመጣ ኖሮ ውሸቴን በመስታወት ውስጥ አስቀምጬ እኮራበት ነበር።

ወደ ኃላፊዬ ደውዬ ክንዱ መዞር እንዳለበት ነገርሁት።

«ሁለት ቀን ሲቀረን? አሞሃል እንዴ!» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እርግጠኛ ነህ?» ሲል ጠየቀኝ።

«እርግጠኛዋ እኔ ሳልሆን እህቴ ናት።»

በማግስቱ ጠዋት ሙጫውን ሙቅ ውሃ በነካ ጥጥ አላቅቄ ክንዱን አዞርሁ፤ ጣቶቹን በቦታቸው አሳረፍኋቸው። የቀድሞውን መግለጫ ቀድጄም «ኢሲስ ሆረስን ስታጠባ፤ የክንዱ አቀማመጥ በአንዲት አዋላጅ ምክር ታርሟል» የሚል ሌላ ጻፍሁ።